ማተቡና መጋዙ

ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሁለት ፎቅ የተማሪዎች መኖሪያ ሊሠራ መሬቱ ሲቆፈር፣ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርሁ። ጠባቂ ስላችሁ ዱላ ይዤ በር ላይ የቆምሁ እንዳይመስላችሁ። ግምጃ ቤት የሚሉት የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ላይ ሳንቃ ተመትቷል። ከሳንቃው ወዲህ እኔ፣ ከሳንቃው ወዲያ ዓለሙ ሁሉ። ጠዋት ሠራተኛው ተሰልፎ ይመጣል፤ መሮ የፈለገ መሮ፣ ግድግዳ የሚበሳ ትራፓኖ ከእጄ ይቀበልና ይፈርማል። መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። ማታ መልሶ ያስረክበኛል።

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከሀገሬ ከሐሙሲት ስመጣ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ሁለት ደብዳቤ ላከልኝ፤ ሁለቱንም ሰው አነበበልኝ። ሦስተኛውን ራሴ አነበዋለሁ ብዬ ነበር ፊደሉን እንደ እብድ የያዝሁት። ሦስተኛው አልመጣም። ፊደሉ ግን እጄ ላይ ቀረ። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የግድግዳ መፈክር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖርሁ። ለግምጃ ቤቱም ያስቀጠረኝ ይኸው አንባቢነቴ ነው።

በሥራው ቦታ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ ሴቶች ነበሩ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ከዋርካው ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዷ ያመጣችውን ታወጣለች። የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ቀን የወጣላት ዕለት ደግሞ የተጠበሰ የቀረሶ ዓሣ። ከሁሉም ላይ ሁሉም ይበላል። እኔም የቆርቆሮ ቤቴን ቆልፌ እገባባቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምንከራይ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ስስ ነው፤ ሳስነጥስ ከወዲያ ሆና «ይማርሽ!» ትለኛለች። ባል የሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይቺው ጎረቤቴ እናቷ ሞተውባት ሐዘን ላይ ነበረች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ አሸዋውን ሲሚንቶ ወደሚያቦካው ማሽን ስትገለብጥ የነጠላዋ ጫፍ ወደ ጥርሱ ገባ። ጎተታት። እኛ «ወይኔ!» ብለን ሳንጨርስ ነጠላው ጭርር ብሎ ተቀደደና አሸዋው ላይ ወደቀች። ተነሥታ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አሸዋው ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«ነጠላሽ አሮጌ በመሆኑ ነው የተረፍሽው» አላት ፎርማኑ። «አዲስ ቢሆን ኖሮ አንገትሽን ይዞ ነበር የሚሄደው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዕቃ የምትሰጭው አንቺ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ የሚወስደውን ሰው ልብስ እዪ። የላላና የተንጠለጠለ ነገር ካየሽ አትስጪ» አለና የኤሌክትሪክ መጋዙን ማብሪያ ሳጥን ቁልፍም ጨምሮ ሰጠኝ። እኔ ካልፈቀድሁ መጋዙ አይነሣም ማለት ነው።

ከመጋዙ ጋር የመጣ መጽሐፍ ነበር። ቋንቋው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥዕሎቹን ግን ማንም ያነባቸዋል። ጠጉሯን የለቀቀች ሴት ተሥላ ላይዋ ላይ በቀይ ተሰርዞባታል። እጅጌው የሰፋ ሰውም ተሰርዞበታል። ከረባቱ የተንጠለጠለ ሰውዬም ተሰርዞበታል። ለሠራተኛው ባሳይ ሳቁብኝ።

«ከረባት ያደረገ አናጢ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንዱ።

«እሱ ሥዕል ለሚኒስትር ነው፤ ለሚኒስትሩ ላኪለት!» አለ ሌላው።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን መጽሐፉን ሳንቃው ሥር አስቀምጬ ሥራ ሲያጥር እያወጣሁ አየው ነበር።

መጋዙ ላይ የሚሠሩት አናጢ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ካህናት ከሆኑ ቤተሰብ ተወልደው፣ ዜማ ጀምረው ትተው ወደ እንጨት የገቡ። ሠራተኛው በቀልድ «መሪጌታ» ይላቸው ነበር። መጋዙ ሲጮኽ እሳቸውም ከሥሩ ያዜማሉ፤ ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም። አንገታቸው ላይ እንደ ጣቴ የወፈረ ማተብ አለ። ክርስትና የተነሡበት ክር ነው አሉ፤ ሲሳሳ አዲስ ክር እየገመዱበት፣ አንዴም ሳይፈቱት፣ እያደገ እየረዘመ ከቀንድ የተሠራ መስቀሉን ይዞ ደረታቸውን አልፏል። «ይህን አሥር ሰው ቢጎትተው አይበጥሰውም» እያሉ ይኩራሩበት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምስማር ላደርስላቸው ሄድሁ። ጣውላ ለመግፋት ጎንበስ ሲሉ ማተቡ ከሸሚዛቸው ወጣ። መስቀሉ ከሚሽከረከረው መጋዝ በላይ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ከፍታ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። የመጋዙ ነፋስ ነው የሚያወዛውዘው። ያን ጊዜ ከረባቱ የተሰረዘበት ሰውዬ ድቅን አለብኝ። ወር ሙሉ ሥዕሉን ሳየው፣ ማተብ የሚንጠለጠል ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማናችንም አላሰብነውም። ማተብ ለእኛ እንደ ቆዳ ነው እንጂ እንደ ልብስ አይደለም።

ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። በማግሥቱ ሰልፉ ደርሶ ተራቸው ሆነ።

«ደኅና አደርሽ እቴ? ቁልፏን አቀብይኝ።»

«ደኅና አደሩ ጋሼ። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት፣ ያ ማተብዎ...»

«ማተቤ ምን ሆነ?»

እንግዲህ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ። ሰው ሲያስረክበኝ እቀበላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ሌላ ነገር አላውቅም። አፌ የለመደውን አወጣ።

«ያውልቁትና ይስጡኝ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ማታ ይወስዱታል።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«መጋዙ እንዳይዝዎ ብዬ ነው ጋሼ።»

«አባቴ ማተባቸውን እንዳሰሩ ነው የተቀበሩት። አንቺ መደርደሪያ ላይ ልታውይልኝ? ከምስማሩ ጋራ?»

«ደረሰኝም ትቆርጥልዎታለች!» አለ ከኋላ አንዱ። ጥቂት ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ትክ ብለው አንገቴን አዩኝ። እስከ ጉሮሮዬ የተቆለፈ ካኪ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

«አንቺ ራስሽ ማተብ የለሽም?»

«አለኝ እንጂ።»

«የታለ?»

በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አንገቴን ፈትቼ ላሳይ? አፈርሁ። ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ምን እንደመሰለ ዛሬ ሳስበው እንኳ ፊቴ ይግላል። ማተብ የበጠሰ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በዚያ ዘመን ደግሞ «ማተብህን አውልቅ» የሚል አንደበት የማን አንደበት እንደሆነ ማንም ያውቅ ነበር።

«ቁልፉን እንዲህ ሆነው አልሰጥዎትም ጋሼ» አልሁ በመጨረሻ።

«እንግዲያስ መጋዝሽን ታቅፈሽ ኑሪ!» አሉና የእጅ መጋዝ ተሸክመው ሄዱ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሰልፉ ጫፍ ላይ ብስክሌቱን ተደግፎ የሥራ ቦታችን የፖለቲካ ውይይት ክበብ ሰብሳቢ ቆሞ ሰምቶን ኖሯል። ቢሮ የሚሠራ፣ ሠራተኛው እንደ ካድሬ የሚፈራው ሰው ነው።

«ጎበዝ ጓዲት!» አለኝ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እንዲህ ነው እንጂ!»

በዚያው ሳምንት በውይይት ክበቡ አስነሣኝ። ኋላቀር ልማድን የምትታገል ሴት አለችበት ብሎ ሥራ ቦታችንን አመሰገነ። ከዚያ የአናጢውን ስም ጠይቆ በማስታወሻው ጻፈ። አናጢው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር። እኔም፣ አይ እኔ፣ «እንዲህ ማለቴ አይደለም» ማለት ሲገባኝ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

በማግሥቱ አናጢው አልመጡም። በሦስተኛው ቀንም አልመጡም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ዋርካው ሄድሁ። ክቡ አልተከፈተም። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ትከሻቸው ግን ተጠጋግቶ ነበር፤ ለአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ቦታ አልነበረም። ጎረቤቴን አየኋት። ንፍሮዋን እየለቀመች አቀርቅራለች። ቆሜ ቆሜ ተመለስሁና ሳንቃዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንጀራዬን ብቻዬን በላሁ።

ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ሆነ። ዕቃ ሲቀበሉኝ እጄን ሳይነኩ ነው። ፈርመው ይሄዳሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የሰፈሬ ሴቶች ቦታ ይለቁልኛል፤ አክብረውኝ አይደለም። አናጢውን ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው ያለ አለ። ጫካ ገቡ ያለም አለ። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ በሳንቃው በኩል ሲያወሩ ነው የምሰማው፤ ቀና ስል ይተዉታል። አንድ ማታ አስነጠስሁ። ግድግዳው ዝም አለ። ደግሜ አስነጠስሁ፤ እውነቴን ነው፣ ሁለተኛውን አውቄ ነው። ዝም።

እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር እወርድ ነበር፤ ከደሴቶቹ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደሚያራግፉበት። እያንዳንዱ ታንኳ ሲጠጋ የቀዛፊውን ፊት አያለሁ። ከመካከላቸው አንዱን፣ «እንዲህ ያሉ አናጢ፣ ወፍራም ማተብ ያላቸው፣ ወዲያ ማዶ አላየህም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። ሰው በዚያ ጊዜ በአንድ ቃል ይጠፋ ነበር። ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንገታቸውን ከመጋዝ አድናለሁ ብዬ፣ ምናልባት ከመጋዝ ለባሰ ነገር ሰጥቻቸው ይሆናል። የእኔን ባል ሰሜን እንደ ዋጠው፣ የሌላዋን ሴት ባል እኔ አስውጬ ይሆን? ታንኳዎቹ አንድ በአንድ አራግፈው ሄዱ። ነፋሱ ተነሣ፤ ውኃው ጠቆረ፤ እኔም ወደዚያች ዝም ወዳለች ቤቴ ተመለስሁ።

የሚቀጥለው የውይይት ቀን ሲደርስ ከግምጃ ቤቱ ትራፓኖውን፣ ብረት መንከሻ ሞርሳውንና አንድ የውኃ ቅል ይዤ ሄድሁ። ቅሉ የራሴ ነው። አንገቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ክር ገምጄ አስሬበታለሁ። ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጄን አነሣሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ የማሳየው ነገር አለኝ።»

«አሳዪን ጓዲት» አለ ፈገግ ብሎ፤ ሌላ ማተብ የማመጣለት መስሎት።

ትራፓኖውን በሞርሳው አስነከስሁትና አስነሣሁት። ቅሉን በቀስታ አስጠግቼ ክሩ የትራፓኖውን ጫፍ እንዲነካ አደረግሁ። ሰው ያያል ብዬ ነበር፤ ማንም አላየም፤ ማየት እስኪቻል አልቆየም። ክሩ ተጠመጠመ፣ ቅሉ ከእጄ ተነጠቀ፣ ብረቱ ላይ ተላትሞ ተፈነካከተ። ስብርባሪው ፊተኛው ወንበር ድረስ ተረጨ። አጠፋሁት።

«ክሩን እዩት» አልሁ። «አልተበጠሰም። ቅሉ ነው የተሰበረው። ያን ቀን እሳቸውን የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ለማሽን ከረባት ቢሆን፣ ነጠላ ቢሆን፣ ማተብ ቢሆን አንድ ነው። እኔ ማንንም ሃይማኖትህን ተው አላልሁም። አነጋገሬ ክፉ ነበር። የተጨበጨበልኝም በማላውቀው ነገር ነው።»

ከዚያ፣ እንዴት እንደ ደፈርሁ እንጃ፣ የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁና ማተቤን አወጣሁት። አጭር ነው፤ አንገቴ ላይ የተለጠፈ። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ!» ስትል ሰማሁ።

የሰብሳቢው ፈገግታ ሄዷል። «ጓዲት፣ ይህ የውይይት ክበብ ነው ወይስ ጠበል ቦታ?»

የሳቀ የለም። ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ ጉዳዩ የሥራ ደኅንነት ነው። መጋዙ ከቆመ ሰንብቷል። ሰው ቢሞትበት ደግሞ ጭራሽ ይቆማል፤ ዕቅዱን አናደርስም» አለ።

ዕቅድ የሚባለው ቃል በዚያ ጊዜ ጉልበት ነበረው። ሰብሳቢው ማስታወሻውን ገለጠ፣ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ፣ «እሺ፣ ቀጣይ አጀንዳ» አለ። የአናጢውን ስም ሰርዞ ይሁን የእኔን ጨምሮ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ሰሞን ሌሊት መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ተነሥቼ ልብሴን እለብስ ነበር።

አናጢው በጠፉ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ሰልፉ ጋብ ሲል፣ ቀና ብል ሳንቃው ፊት ቆመዋል። ከስተዋል። ጢማቸው አድጓል።

«ኧረ ቁልፏን አቀብይኝ እቴ፤ ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?»

«ጋሼ! የት ነበሩ?» ዕንባዬ ቀደመኝ።

«የት እሆናለሁ? ደሴቱ ነዋ! የነፍስ አባቴ ሱባኤ ገብተው ነበር፤ እስኪወጡ ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አፍ አይላክም።»

«ስምዎን ጽፎታል እኮ...»

«እያየሁ አይደል የጻፈው።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?»

«ሚስት አለችኝ፤ የማውቀው ደግሞ እንጨት ብቻ ነው። ወዴት ልሂድ?»

ከዚያ ጎንበስ ብለው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡልኝ። ወፍራሙ ማተብ የለም። ጉሮሮአቸው ላይ አንድ ነጠላ ጥቁር ክር አለች፤ ካላስተዋሏት አትታይም።

«አባ ምን አሉ?»

«ሳቁብኝ እንጂ! 'ልጄ፣ ይህ ማተብ ነው ወይስ የበሬ ጠፍር?' አሉኝ። ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው አሰሩልኝ። አሮጌውን ከነመስቀሉ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አኖሩት። ይቺን ማሽን ቢይዛት ትበጠሳለች፤ ከተበጠሰች እንደገና ትታሰራለች አሉ። ነይ እዪያት፤ ሳቢያት።»

በሁለት ጣቴ ያዝ አደረግኋት። ስስ ናት። ነጠላ ክር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥልዎ ማለቴን...»

«እሱንስ ይቅር አልልሽም» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሳቀ። «እስክሞት አወራብሻለሁ። ከምስማሩ ጋራ!»

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ጥቂት ቆይቶ መጋዙ ጮኸ፤ ከሥሩ ዜማው ተነሣ። ሳንቃው ላይ ተደግፌ አዳመጥሁ።

በዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ከዋርካው ሥር ሆና፣ «ነይ እንጂ፣ ምን ትጎለቺያለሽ እዚያ!» ብላ ጠራችኝ። ሄድሁ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ንፍሮ ተሰጠኝ፤ አንዷ እንዲያውም አጎረሰችኝ። ከመድረሴ በፊት አንገት ላንገት ገጥመው ስለ አንድ ነገር ሲንሾካሾኩ በሩቅ አይቻቸው ነበር። የማን ልጅ እንደታፈሰ ይሁን፣ የማን ባል እንደመጣ፣ አላውቅም። ስቀመጥ፣ «በርበሬ ዘንድሮ መሸንቲ ገበያ ይረክሳል አሉ» አለች ከመሸንቲ የምትመጣዋ፤ ሌሎቹም ቶሎ ብለው ስለ በርበሬ ቀጠሉ።

ሕንፃው እስኪያልቅ አብሬያቸው በላሁ። መጋዙ አንድ ሰው እንኳ ሳይነካ ሥራው ተፈጸመ። እነሱም ክፉ ሆነውብኝ አያውቁም፤ ቦታዬን ጠብቀውልኛል፣ ታምሜ ጠይቀውኛል። ስቀርብ ግን ወሬው ሁልጊዜ በርበሬ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ የእግር ቁስል ነበር። እኔም ስለ በርበሬ ማውራት ተማርሁ። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ራሴ እጀምርላቸው ነበር፤ ጭንቀታቸው እንዲቀል፣ ገና ስመጣ ከሩቅ፣ «ዛሬ ደግሞ ነፋሱ!» እያልሁ።